የአዲሱ ዲስክ ፍጥነት

በእኛ ሙያ ደንበኛን «ነገ ተመለስ» ማለት የተለመደ ነው። እኔ ግን ሥራው አንድ ሰዓት የሚፈጅ ከሆነ አንድ ሰዓት ነው የምለው። እንደ ሌሎቹ መዋሸት ያማረኝ ሩሀማ ላፕቶፗን ታቅፋ ሐዋሳ ፒያሳ ያለው ሱቃችን የገባች ዕለት ነው።

«አልአዛር፣ ይሄ ነገር ሞተብኝ» አለችና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ከቦርሳዋ ያልተከፈተ አዲስ ዲስክ አወጣች። «ጅማ የመምህርነት ሥራ አግኝቻለሁ። ነገ ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ነው አውቶቡሱ። ዛሬ ይደርስልኛል?»

«ይደርሳል» አልኳት።

ከሩሀማ ጋር በአንድ ኳየር አራት ዓመት ዘምረናል። እወዳታለሁ። ይህን የሚያውቀው ከጎኔ ተቀምጦ ስልክ የሚጠግነው ባዬ ብቻ ነው። ወንበር ልታመጣ ዞር ስትል ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

«ነገ ነይ በላት። አውቶቡሱ ያመልጣታል።»

«ተው።»

«ጻድቅ ሆነህ ትቀራለህ።»

አሮጌውን ዲስክ ፈትቼ አዲሱን ገጠምኩና የዊንዶው መጫኛውን ፍላሽ ሰካሁ። ለደንበኛ ሁሉ የአዲሶቹን ዲስኮች ፍጥነት ሳወድስ ነው የምውለው። ያን ቀን ግን ቁጥሩ ከአሥር ሠላሳ፣ ከሠላሳ ስድሳ ሲዘል እያየሁ በውስጤ ቀስ በል እለው ነበር።

ማሽኑ ያለንበትን የሰዓት ክልል ሲጠይቅ ናይሮቢን መረጥኩ።

«ሐዋሳ ቁጭ ብዬ ናይሮቢ?» አለች።

«የእኛ ከተማ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ሰዓቱ ግን አንድ ነው።»

«እንግዲያው ዘጠኝ ከሚል ሦስት ሰዓት እንዲል አድርግልኝ። የድሮውን እንደዚያ ነበር ያስተካከልኩት።»

«በእኛ አቆጣጠር? ስድስት ሰዓት ወደኋላ መልሰሽው ነው እንግዲህ አንዳንድ የኢንተርኔት ገጽ እምቢ ይልሽ የነበረው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ኔትወርኩን ስረግም!»

ባዬ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች። ሰዓቱን ግን ናይሮቢ ላይ እንዳለ ተወችው።

መጫኑ በሃያ ደቂቃ አለቀ። የቀረው ፋይሎቿን ከአሮጌው ዲስክ መገልበጥ ነበር። አሮጌው ስለታመመ ማሽኑ አርባ ደቂቃ ይቀራል አለ። በተበላሸ ዲስክ ደስ ሲለኝ የመጀመሪያዬ ነው።

አሥር ደቂቃ ሲቀረው ባዬ ሻይ ልጠጣ ብሎ ተነሣ። በሩ ላይ ዞር አለና «እህቴ፣ ይሄ ልጅ ጸሎት ላይ ነው፤ ብዙ አታስወሪው» ብሏት ወጣ።

«ምን ማለቱ ነው?» አለች።

ፊቴን ወደ ማሽኑ መለስኩ።

«የኤልናታን ሰርግም አልመጣህም» አለች። ኤልናታን የኳየራችን ጊታር መቺ ነው፤ በግንቦት ሄራንን አገባ።

«ከሦስት ዓመት በፊት ስላንቺ እየጸለይኩ ነው ብሎኝ ነበር» አልኳት።

በእኛ ኳየር አንድ ወንድም ስለ አንዲት እህት እየጸለይኩ ነው ካለ ሊያገባት አስቧል ማለት ነው፤ ሌላው ወደዚያ አያይም። ኤልናታን በአንድ ሳምንት ቀደመኝ። ተራው የእሱ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ሐሳቡን ሲቀይር ደግሞ ተውኩት አላለኝም፤ ለሄራን ቀለበት እስኪያስር ድረስ ስጠብቅለት ኖርኩ።

«እኔን አንድም ቀን ምንም አላለኝም» አለች ሩሀማ። «አንተስ ምን አገባህና ትጠብቅለታለህ?»

«እኔም እየጸለይኩ ነበር።»

«ስለ ምን?»

«ስላንቺ።»

ከውጭ የባጃጅ ጥሩንባ ተሰማ። ሩሀማ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተችው፤ መልሳ ዘጋችው።

«እንደ ቤንዚን ወረፋ ያዛችሁብኝ?»

«እንደዚያ ሆነ። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

«ከግንቦት ወዲህስ?»

«ፈራሁ።»

«ያኔ ብትነግረኝ እኮ…» አለችና አልጨረሰችውም። ትጨርሰው ይሆናል ብዬ ጠበቅኩ። ማሽኑ ግን የመጨረሻውን ፋይል ገልብጦ ቆመ። አንድ በአንድ ከፍቼ አሳየኋት፤ የጎደለ የለም። አጥፍቼ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባሁላት። ሌላ የማደርገው ነገር ቢኖር ደስ ባለኝ።

ወደ ሰፈሯ ወደ ታቦር የሚሄድ ባጃጅ እስክታገኝ አስፋልቱ ዳር አብሬያት ቆምኩ። ገብታ ከተቀመጠች በኋላ ቦርሳውን ጭኗ ላይ አመቻቸች።

«አንተ ሦስት ዓመት ወስደሃል» አለች። «እኔ እስከ ገና ብወስድ ይበዛብኛል?»

«አይበዛም።»

«ለገና እመጣለሁ። እስከዚያ ለማንም ተራ እንዳትሰጥ።»

ባጃጁ ተነሣ። ስመለስ ባዬ ሻዩን ጠጥቶ መጥቶ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር አየሁ። መስከረም ሃያ ነው። ለገና ሦስት ወር ከዘጠኝ ቀን።