ከባሞስ ወዲያ ያለው

ሽማግሌው አናጢ ልጆቻቸው ስፓኒሽ እንዲማሩ ያደረጉት ራሳቸው ናቸው፤ በዚህስ ማንን ይውቀሱ። ልጆቹ ትንንሽ ሳሉ ቋንቋውን የምታውቅ አንዲት ጎረቤት ሳሎን ድረስ እየመጣች ታስጠናቸው ነበር። እሳቸው ጥግ ላይ ሳንቃቸውን እየላጉ ይሰማሉ። አስተማሪዋ ያመጣችው ጨዋታ ነበር፦ አንዱ «ባሞስ» ብሎ የነገውን ሐሳብ ያቀርባል፤ እንሂድ፣ እንዋኝ፣ እንብላ። የተስማማ «ባሞስ» ብሎ ይመልሳል፤ አንዳቸው እምቢ ካለ ሐሳቡ ወደቀ። ከዚያ ሁሉ ትምህርት ለሽማግሌው የተረፈቻቸው ይህችው ቃል ናት። ከሷ ወዲያ ያለው ድፍን ጨለማ ነው።

ልጆቹ አድገውም ጨዋታውን አልተዉትም። የቤተሰብ ጉዳይ የሚወሰነው በዚያው ነው፤ ያውም አባታቸው ፊት ቁጭ ብለው።

ዛሬ ጠዋት ትልቁ ልጅ ሜትር የያዘ ሰውዬ አስከትሎ መጣ። ሰውዬው መኝታ ቤቱን ለካ፣ ሳሎኑን ለካ፣ ጓሮ ያለውን የእንጨት ሥራ ክፍል እንኳ አልማረም። «ጓደኛዬ ነው አባዬ፣ ቤት ማየት ይወዳል» አለ ልጁ። ዕድሜ ልኩን ሲለካ የኖረን ሰው እንዲህ ብሎ ማታለል ምን ይሉታል? ቤቱ ሊሸጥ እንደሆነ ገባቸው፤ ግን በልጆቹ ስም ካዞሩት ቆይተዋል፤ በምን አፋቸው ይናገሩ። 

ምሳ ላይ ተጀመረ። ትልቁ ጣሪያውን ቀና ብሎ አየና «ባሞስ» አለ፤ ከዚያ ብዙ አወራ። መካከለኛው ሹካውን አስቀምጦ ትንሽ አሰበና እሱም «ባሞስ» አለ። ሽማግሌው ያነሱትን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሱ።

የቀረችው ትንሿ ናት። ትንሿ ደግሞ የሳቸው ናት፤ መጋዝ አያያዝ ያስተማሯት፣ ለሳቸው ዋሽታ የማታውቅ። «ኖ» እምቢ ማለት እንደሆነ ማን ይስተዋል? ያቺን አንዲት ቃል ለመስማት ዓይን ዓይኗን አዩ። እሷ አቀርቅራ ዳቦዋን ትቆራርሳለች። ወንድሞቿ አንድ ነገር አሏት። ደገሙላት።

«ባሞስ» አለች፣ ቀና ሳትል።

ሽማግሌው ተነስተው ጠረጴዛውን ቢገለብጡት በወደዱ፤ ጉልበቱ ከየት ይምጣ፣ ጠረጴዛውም የገዛ እጃቸው ሥራ ነው።

«ምን ተባባላችሁ?» አሉ፣ እሷን ብቻ እያዩ።

ወንድሞቿ ተያዩ። ትንሿ ፈገግ አለች።

«ምንም አባዬ። ነገ ምሳ ውጭ እንብላ እያልን ነው። አንተም ትመጣለህ አይደል?»

«እመጣለሁ እንጂ፣ የኔ ልጅ።»

 ጆጉን አነሱና ውሃ ቀዱላት። ዓይናቸው ከፊቷ ስላልተነሳ ግማሹ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ እሷም «ተወው፣ እኔ አለሁ» እያለች ቶሎ ቶሎ ጠረገችው።