ባጅ የሌለው አይገባም

በሞምባሳ የሻይ ላኪዎች ማኅበር ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ስልክ አንሺ ሆኜ ገባሁ፤ ከዚያ ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ በመጨረሻም የኦፕሬሽን ኃላፊ ሆንኩ። ላኪዎቹ በጉባኤ ላይ ለፊት ወንበር ሲናከሱ የማስታርቃቸው እኔ፣ የመግቢያውን ደንብ ያወጣሁትም እኔ።

ዋና ሥራ አስኪያጁ ጡረታ ሲወጣ ቦታው የእኔ መስሎኝ ነበር። ሊቀመንበሩ ሙዋቹፋ ቢሮው አስጠራኝ።

"ካድዞ እህቴ፣ አንቺ ባትኖሪ ይሄ ማኅበር አንድ ቀን አያድርም" አለኝ።

"እሺ፣ ታዲያ?"

"ለዚህ ነው ካለሽበት የማናነሳሽ። ቦታውን ለእህቴ ልጅ ለንዙኪ ሰጥተነዋል። ሥራውን አንቺ ታሳዪዋለሽ።"

ሹመቱ የሚነገርበትን ጉባኤም ያዘጋጀሁት እኔው ነኝ። ሦስት መቶ ባጅ አሳተምኩ፤ የንዙኪን በወርቅ ቀለም። ጠዋት ጉባኤው የሚካሄድበት ሆቴል በር ላይ ስደርስ አዲስ ዘበኛ እጁን ዘረጋብኝ።

"ማማ፣ ባጅዎስ?"

አንገቴን ዳበስኩ። ለራሴ አሳትሜ አላውቅም፤ ማን የማያውቀኝ አለ ብዬ።

ንዙኪ ባጁን አንጠልጥሎ ሲያልፍ አየኝ። "አስገባት፣ የእኛው ሠራተኛ ናት" አለው።

"ጌታዬ፣ ለሠራተኛ በጓሮ በኩል ነው" አለ ዘበኛው፣ በሩ ላይ የተለጠፈውን ደንብ እያሳየ።

ማንበብ አላስፈለገኝም። ከታች ያለው ፊርማ የእኔ ነው።