የደጀኔ ድምፅ

ደጀኔ ዛፉን ከመጣሉ በፊት ደጋግሜ ተጣርቻለሁ አለ። የሟቹ የሽብሩ ወንድም ዘነበ ግን አልተጣራም፣ ወንድሜን ሆን ብሎ ገደለው አለ። ኮንጋ መንደር ውስጥ የቡና ጥላ ዛፍ የሚቆርጥ ሰው ከመጨረሻው ምት በፊት ይጣራል። መልስ ከሌለ ከሥር ሰው የለም ማለት ነው።

ጭቃ ሹሙ ደጀኔን አስሮ ዲላ ሰደደው። ለቀስተኛው በተነጠፈው የኮባ ቅጠል ላይ ተቀምጦ ያንሾካሹካል።

«ደጀኔ ሲያዛጋ እንኳ ከማዶ ይሰማል» አለች ጎረቤታቸው ሸዋነሽ። «ያን ቀን ጉሮሮውን ምን ዘጋው?»

አንዳንዱ ፈገግ አለ። የሟቹ ሚስት አትጠገብ አቀረቀረች። ያን ቀን ጓሮ እንሰት ስትፍቅ ጥሪውን ሰምታለች። ሽብሩም ከቡናው መሀል ቀና ሲል አይታዋለች። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶ አረሙን ቀጠለ። እሷ ስሙን ስትጠራ ዛፉ እየወረደ ነበር።

የደጀኔ ላም እንሰታቸውን ከበላች ወዲህ ሽብሩ ለዚያ ሰው ድምፅ አልመልስም ብሎ ቆርጦ ነበር። ቤተ ክርስቲያን በአንድ አግዳሚ የሚቀመጡ ወዳጆች ነበሩ። ሽብሩ የጌታ ራት ሲደርስ ቂም ይዤ አልቀርብም ብሎ ከበር ይመለስ ነበር። ያን ያህል እግዚአብሔርን ይፈራ ነበር፤ ይቅር ማለት ግን አቃተው። ሌሊቱን ሲገላበጥ አትጠገብ ይቅር በለውና ዕረፍ ትለው ነበር። መጀመሪያ እሱ ይምጣ ይላት ነበር። ደጀኔ መጥቶ ነበር፤ በሩ አልተከፈተለትም።

አሁን ዘነበ ዳኛው ፊት ምንም አልሰማሁም እንድትል ይፈልጋል። እውነቱን ከተናገረች ሽብሩ ቂሙን ይዞ ሞተ ይባላል። ለአማኝ ከዚህ የከፋ ስም የለም። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ለቀስተኛውን «አባታችን ሆይ» ሲያስጸልዩ፣ «በደላችንን ይቅር በለን» ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ይቆማል።

ማምሻውን የደጀኔ ሚስት ቆንጅት ገባች።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለች።

ማንም አልመለሰላትም። ሴቶቹ ነጠላቸውን ሰበሰቡ፤ ቦታ ግን አልለቀቁም። አትጠገብ ያንን ዝምታ አወቀችው። ከባሏ ጋር ስንት ወር ኖራበታለች።

«አሜን» አለች፤ ጠጋ ብላም ከጎኗ አስቀመጠቻት።

ዘነበ ከወንዶቹ መሀል ብድግ አለ። «ወንድሜን ዳግመኛ ልትቀብሪው ነው?»

«ቀብሬዋለሁ፣ ዘነበ። ዕረፍት አጥቶ ነው የሞተው፤ እኔ እንደዚያ አልኖርም። ነገ ዲላ ወርጄ፣ ደጀኔ ተጣርቷል፣ ሽብሩ ሰምቶ ዝም አለ ብዬ ለዳኛው እናገራለሁ።»