ለአብዱናሲር የተላከው ጩኮ

ዘገዬ ወደ ሞስኮ ሊሄድ አራት ቀን ሲቀረው የአብዱናሲር እናት እቤቱ ድረስ መጡ። 1972 ዓ.ም. የሐምሌ መግቢያ ነው። ሌሊቱን የጣለው ዝናብ የአዳማን መንደር አጨቅይቶት ስለነበር እትዬ ዘሃራ የጎማ ጫማቸውን ደጃፉ ላይ አውልቀው፣ በነጠላ የተቋጠረ ነገር ታቅፈው ገቡ። ዘገዬ ሲያያቸው ከመቀመጫው ተነሣ። ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሙሉ በእሳቸው ሰፈር ላለማለፍ ሲል ከሥራ ሲወጣ በባቡር ሐዲዱ በኩል ዞሮ ነበር ቤቱ የሚገባው።

«አካም ቡልቴ፣ ዘገዬ? ጠፋህ እኮ ልጄ።»

«አለሁ፣ እትዬ ዘሃራ። ሥራ በዝቶብኝ ነው። ይቀመጡ።»

አልተቀመጡም። ቋጠሮውን አልጋው ላይ አድርገው ፈቱት። አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮና አንድ ቡናማ የሱፍ ሹራብ ወጣ።

«ለውድድር ሩሲያ ልትሄድ ነው አሉኝ። አላህ መልእክተኛ ሲሰጠኝ ዝም ልበል እንዴ? ይሄ ጩኮ ነው። ገብሱን ራሴ ቆልቼ፣ አስፈጭቼ፣ በቅቤ አሽቼዋለሁ፤ ወር ቢቆይ አይበላሽም። ሹራቡን ጎረቤቴ ሸዋወርቅ ናት የሠራችልኝ፤ አገሩ ብርድ ነው ይላሉ። ለአብዱናሲር ስጥልኝ።»

ዘገዬ የሰማውን ማመን አቃተው። «ለአብዱናሲር?»

«ቀበሌ ስመላለስ፣ ስመላለስ፣ በመጨረሻ ‹ልጅሽ ተፈትቶ ለትምህርት ሩሲያ ተልኳል፤ አርፈሽ ተቀመጪ› አሉኝ። አንተ አልሰማህም? እኔ ደግሞ ነግሮህ የሄደ ነው የመሰለኝ። ብስክሌቱን ላንተ ትቶልህ የለ።»

እውነቱን የሚናገርበት ጊዜ ያኔ ነበር። አፉንም ከፍቶ ነበር። ግን ከአፉ የወጣው «እሺ፣ አደርስለታለሁ» የሚል ሆነ። እትዬ ዘሃራ ግንባሩን ስመው፣ ጫማቸውን አጥልቀው፣ በጭቃው ውስጥ እየተጠነቀቁ ሄዱ።

ዘገዬና አብዱናሲር የተዋወቁት ገና በአሥራ አምስት ዓመታቸው በወንጂ መንገድ ላይ ነው። የዘገዬ አባት ከመንዝ መጥተው ሸንኮራ አገዳ ሲቆርጡ የኖሩ ሰው ናቸው፤ አብዱናሲር ደግሞ አባቱ የሞተበት፣ አዳማ ገበያ ላይ እህል በምትቸረችር እናት ያደገ ልጅ ነው። ሁለቱም በኪራይ ብስክሌት ጀመሩ። እየቆዩ ከአዳማ ደራ፣ ከደራ አሰላ እየወጡ ተሽቀዳደሙ። ሁልጊዜ የሚቀድመው አብዱናሲር ነበር። አንድ አገሩን ለቆ የሚሄድ ጣሊያን የሸጠለት ቀጭን ሰማያዊ ብስክሌት ነበረው። በ1968 ለታላቁ የዓለም ውድድር ተመርጦ ሻንጣውን ሁሉ ሸክፎ ነበር፤ አገሪቱ አልሳተፍም ስትል እሱም ቀረ። «አራት ዓመት ምን አላት? እግሬን እንደሆነ ማንም አይወስድብኝ!» ብሎ ነበር የሳቀው።

መጋቢት 1970 ላይ፣ ከልምምድ ሲመለስ፣ የታጠቁ ሰዎች ከነብስክሌቱ በራፉ ላይ ያዙት። ወረቀት ሲበትን ታይቷል አሉ። ዘገዬ ያየ እንደሆን አላየም፤ ስለዚህ ነገር አውርተውም አያውቁም።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ዘገዬ ብቻውን ለልምምድ ወጣ። ቤት መቀመጥ አልቻለም ነበር። የአዋሽን ድልድይ አልፎ የደራ ዳገት የሚጀምርበት ቦታ ሲደርስ፣ ከግራር ሥር፣ ከአስፋልቱ ዳር፣ አራት ሰዎች ተደርድረው ተኝተዋል። ልብሳቸው ላይ ወረቀት ተለጥፏል። ጠመንጃ የያዘ አንድ ሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሲጋራ ያጨሳል። የዳርኛው ፊቱ ወደ አፈሩ ነው፤ እግሩ ላይ ግን የብስክሌት ጫማ ነበር። ዘገዬ ጫማውን ያውቀዋል። ተረከዙን ባለፈው ጥቅምት በጎማ የጠገነው እሱ ራሱ ነው።

አልቆመም። ባለጠመንጃው ቀና ብሎ ሲያየው አንገቱን ደፍቶ ፔዳሉን ረገጠ። ደራ ደርሶ አንድ ሻይ ቤት ተቀመጠ፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጣ፣ ሲመለስ ሌላ መንገድ ስለሌለ በዚያው ተመለሰ። ሰዎቹ የሉም። ከመንገዱ ሃያ እርምጃ ገባ ብሎ፣ ከግራሩ በስተጀርባ፣ አዲስ አፈር ተቆልሏል።

ከወር በኋላ ቀበሌ ጠሩት። ሰማያዊው ብስክሌት ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆሟል። ሊቀመንበሩ «ጓድ ዘገዬ፣ ለእናት አገርህ ክብር ተወዳደርበት» አለው። የማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ዘገዬ «እሺ፣ ጓድ» ብሎ እየገፋ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በዳገት ላይ ብቻውን ሲሆን ከኋላው የሌላ ብስክሌት ድምፅ ይሰማዋል። የሰንሰለት ጭርታ፣ የጎማ ሹክሹክታ፣ አብዱናሲር ሲደክመው ያሰማት የነበረችው አጭር ሳል። መጀመሪያ የገዛ ብስክሌቱ ድምፅ ነው ብሎ ነበር። ሰንሰለቱን ዘይት ቀባው፣ ቀየረው፤ ድምፁ ግን አልቀረም። ዞሮ ማየት ፈራ። ሳይዞር ሸሸ፣ ሲሸሽም ፈጠነ። አሰልጣኞቹ «ይህ ልጅ ምን ነካው? ተሻሻለ!» አሉ። ለብሔራዊ ቡድን የተመረጠው እንዲህ ሆኖ ነው።

ሞስኮ ላይ ከኢትዮጵያ የመጡት ብስክሌተኞች አራት ነበሩ። ሌሎቹ አገሮች መካኒክ፣ ወጌሻ፣ በመኪና የተጫነ መለዋወጫ ጎማ ይዘው መጥተዋል፤ የእነሱ ትርፍ ጎማ በጠቅላላው ሦስት ነበር። ዘገዬ ቆርቆሮውንና ሹራቡን አልጋው ሥር ከትቶ ነበር። በውድድሩ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አንድ ክፍል የሚጋራው የቡድን ጓደኛው አሳምነው ጫማ ሲፈልግ ቆርቆሮውን አገኘና አሸተተው።

«አንተ ስስታም! ጩኮ ደብቀህ ነው የሩሲያ ጎመን የምታስበላን?» ብሎ ክዳኑን ሊከፍት ታገለ።

«አትንካው፣ የሰው ነው።»

«የማን?»

«እትዬ ዘሃራ ለአብዱናሲር የላኩት ነው። እዚህ ይማራል ብለዋቸው ነው።»

አሳምነው እጁ ክዳኑ ላይ እንዳለ ቀረ። የአሰላ ብስክሌተኛ ስለሆነ አብዱናሲርን ያውቀዋል፤ ምን እንደሆነም በሹክሹክታ ሰምቷል። ቆርቆሮውን ቀስ ብሎ መልሶ አልጋው ሥር አስገባው።

«ምን ብለህ ተቀበልካቸው?»

«አደርስለታለሁ ብዬ።»

አሳምነው ጫማውን አንሥቶ ወጣ።

በማግስቱ ውድድሩ ተጀመረ። መንገዱ ዳገትና ቁልቁለት የሞላበት፣ እየዞሩ የሚደጋግሙት ነው። ግራና ቀኝ ሕዝብ ይጮኻል፤ ዘገዬ የሚሰማው አንድም ቃል የለም። እስከ አምስተኛው ዙር ከብዙኃኑ ጋር ነበር። በስድስተኛው ዙር ረጅሙ ዳገት ላይ ጭርታው መጣ። ከዚያች አጭር ሳል ጋር።

በደራ መንገድ ቢሆን ይሸሽ ነበር። እዚህ ግን የሚሸሽበት ጉልበት አጣ። «እለፈኝ» አለ በልቡ። «ቦታው ያንተ ነው፤ ብስክሌቱም ያንተ ነው፤ እለፈኝና ልረፍ።» ወደ ቀኝ ተጠግቶ ፍጥነቱን ቀነሰ። አንድ የቼክ ብስክሌተኛ አለፈው። ሁለት ሞንጎሎች አለፉት። ሳሉ ግን ከኋላው አልተንቀሳቀሰም። ይበልጥ ቀነሰ። ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ አንገቱን አዙሮ ያየው።

መንገዱ ባዶ ነበር። ከእሱ በኋላ ማንም የለም፤ የመጨረሻው ሰው እሱ ነው።

በሚቀጥለው ዙር መሪዎቹ አንድ ዙር ሊደርቡት ሲሉ ዳኞቹ ባንዲራ አውለብልበው አስወጡት። አሰልጣኙ ፎጣ ይዞ እየሮጠ መጣ። «ጎማ ነው? ሰንሰለት ነው? ምን ሆንክ?»

«ምንም አልሆንኩም።»

«ታዲያ ማንን ነው የምትጠብቀው?»

ዘገዬ ፎጣውን ተቀብሎ ፊቱን ጠረገ።

በዚያው ሳምንት ሞስኮ የሚማሩ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ቡድኑን ሊጠይቁ መጡ። ጨዋታው ደርቶ ሳለ ዘገዬ አንዱን፣ ከአርሲ ነገሌ ነኝ ያለውን ልጅ፣ ለብቻው ጠራው። ከራሱ አፍ ሲወጣ ራሱ የደነገጠበትን ጥያቄ ጠየቀው።

«አብዱናሲር የሚባል የአዳማ ልጅ ታውቃለህ? ረዘም ያለ፣ ብስክሌተኛ?»

ልጁ ከልቡ አሰበ። «እኛ ጋ የለም። ሌላ ከተማ ይሆን? ኪየቭም ሌኒንግራድም ብዙ ልጆች አሉ። ላጠያይቅልህ?»

ዘገዬ ለአንድ አፍታ፣ እውነት ለአንድ አፍታ፣ ጫማ ሰው ያበድራል፣ ጫማ ሰው ይሰርቃል ብሎ አሰበ። ከዚያ ከግራሩ ሥር የተኛው ሰው እግር ታየው። «ተወው» አለና ቆርቆሮውንና ሹራቡን ለልጁ ሰጠው። ልጁ ክዳኑን ከፍቶ ሲያሸት ዓይኑ እንባ አቀረረ።

አዳማ በተመለሰ በማግስቱ እትዬ ዘሃራ ደረሱ። ማሸነፍ አለማሸነፉን አልጠየቁትም።

«አገኘኸው?»

በመንገዱ ሁሉ «አላገኘሁትም» ሊል ተለማምዶ ነበር። ያን ፊት ሲያይ «አገኘሁት» አለ። «ሹራቡ ልኩ ነው።»

ሴትየዋ መሬት ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ፣ ሳቁ፣ እንደገና አለቀሱ። ከዚያ በኋላ ዓርብ ዓርብ ከመስጊድ መልስ ይመጡ ጀመር። ከስቷል? ይሰግዳል? ምን ይበላል? ዘገዬም መለሰ። አልከሳም። ቋንቋውን ለምዷል። ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ላይ ይኖራል፤ ከመስኮቱ ወንዝ ይታያል። እያወራ ሲሄድ አብዱናሲር በዚያ መስኮት ላይ ቆሞ ይታየው ጀመር፤ ሹራቡን ለብሶ፣ ፊቱን ሳያዞር። እንቅልፍ አጣ።

በመስከረም አንድ ዓርብ እትዬ ዘሃራ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው መጡ።

«ጻፍልኝ። እኔ ልናገር፣ አንተ ጻፍ።» ወንበሩ ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። «ልጄ አብዱናሲር፣ ለጤናህ እንደምን አለህ በልልኝ…»

ዘገዬ «ልጄ» ብሎ ጻፈ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«እትዬ ዘሃራ፣ አላገኘሁትም። ሞስኮ የለም። ሄዶም አያውቅም።»

ከዚያ የሆነውን ሁሉ ተናገረ። ግራሩን፣ ባለጠመንጃውን፣ ጫማውን፣ አለመቆሙን። ሻይ መጠጣቱን እንኳ አልደበቀም። ሴትየዋ አላቋረጡትም። ሲጨርስ ወረቀቱን ከፊቱ አንሥተው አጠፉት።

«ቀኑ መቼ ነበር?»

«መጋቢት አሥራ አንድ። ሰኞ ጠዋት።»

«አሥራ አንድ» ብለው ደገሙት፣ እንዳይረሱት። «ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ ዱዓ ሳደርግለት እንደ ሕያው ነበር። ‹በሰላም መልሰው› እያልኩ።» ተነሡ። «ብስክሌቱን ስትነዳ ሳይህ፣ ጓደኛውን ይወዳል፣ ትቶለት ሄደ እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር።»

ዘገዬ እግራቸው ላይ ወደቀ። አላነሡትም። በጎን አልፈውት ወጡ።

ለተገደለ ሰው ማልቀስ በተከለከለበት በዚያ ዘመን እትዬ ዘሃራ ለአዝመራው የሚደረግ ሰደቃ ነው ብለው ጎረቤቱን ጠርተው ልጃቸውን አሰቡት። ዘገዬ ወሬውን የሰማው ከሸዋወርቅ ነው። ብስክሌቱን በማግስቱ ወስዶ በራፋቸው ላይ አቆመው፤ ከዚያ በኋላ ብስክሌት ላይ አልወጣም። በወንጂ ፋብሪካ በያጅነት ሠራ፣ አገባ፣ ወለደ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይሰጣል፤ እሳቸው አይመልሱም። እንዲህ እያሉ አሥር ዓመት ከስምንት ወር አለፈ።

ግንቦት 1983 መንግሥቱ ወደቀ። በሰኔ፣ የየሰፈሩ ሰው የልጆቹን አፅም መፈለግ ሲጀምር፣ ሸዋወርቅ የዘገዬን በር አንኳኳች።

«እትዬ ዘሃራ ‹ቦታውን የሚያውቀው እሱ ነው፤ ይምጣ› ብለዋል።»

አንድ አይሱዙ ሙሉ ሰው ሆነው ሄዱ። ግራሩ ተቆርጧል፤ ጉቶው ብቻ ነው የቀረው። ዘገዬ ከአስፋልቱ ዳር ተነሥቶ ሃያ እርምጃ ቆጠረ፣ ቆመ፣ በእግሩ መሬቱን መታ። «እዚህ ነው» አለ። አካፋ ሲቀርብ የመጀመሪያውን እሱ ያዘ፤ ማንም አልከለከለውም። እስከ ቀትር ቆፈሩ። እትዬ ዘሃራ ጥላ ዘርግተው ከጉቶው ላይ ሳይነሡ ዋሉ።

አራቱም ወጡ፤ አብዱናሲርን በጎማ በተጠገነው የጫማ ተረከዝ ለዩት፤ ሁሉም በነጭ ጨርቅ ተጠቀለሉ። አብዱናሲርን ወደ መኪናው ሲያነሡት ከተሸካሚዎቹ አንድ ሰው ጎደለ። ዘገዬ እጁ አፈር እንደሆነ ራቅ ብሎ ቆሟል። እትዬ ዘሃራ ዞረው አዩት። አርጅተዋል፤ ድምፃቸው ግን ያው ነው።

«ምን ትቆማለህ? በዚያ በኩል ያዝ እንጂ።»

ያዘ።