ሦስት ስልክ፣ አንድ ጥርስ

ሐሙስ ጠዋት የአክስቷ አፍ በካርቶን ታሽጎ መጣላት። ጥርስ ሠሪዋ ካርቶኑን ቀደደችና በጄሶ የተቀዳውን የላይና የታች መንጋጋ አውጥታ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠችው። ከላይ ፊት ለፊት አንዱ ጥርስ የለም። የቀሩትን አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፤ ፊደል ስትቆጥር ዓይኗን የማትነቅለው ከሰሌዳው ሳይሆን ከእነሱ ነበር።

አክስቷ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ናት። በዕረፍቱ መጨረሻ የክፍሏን የፊደል ገበታ ልትሰቅል ወንበር ላይ ወጥታ ወደቀች፤ ገበታው ተረፈ፣ ጥርሷ አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ እጇን አፏ ላይ ሳትጭን አታወራም። ትምህርት ሰኞ ይከፈታል። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ድሮም ክፍሏን ለወጣት አስተማሪ ሰጥቶ እሷን ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ማዛወር የሚያምረው ሰው ነው።

“አፌን ይዤ ፊደል አላስተምርም” ብላ ነበር በስልክ። “ልጅ ድምፅ የሚማረው አፍ እያየ ነው። ጥርሱ ለሰኞ ካልደረሰ ክፍሉን ለሚፈልገው አስረክባለሁ።”

ይህን የምትል ሴት በዚያች ክፍል ሃያ ስምንት ዓመት አስተምራለች። ከዚያ መሐል አንዱን ዓመት፣ እናቷ ሥራ ፍለጋ ርቃ የሄደችባትን አንዲት ችኩል ልጅ ሦስተኛው ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ማታ ማታም ቤት ወስዳ ከራሷ ልጆች ጋር አሳድጋለች። ስሟንም “ጥድፊያ” ብላ ያወጣችላት ያኔ ነው። ጥድፊያ አድጋ ጥርስ ሠሪ ሆነች እንጂ መጣደፉን አልተወችም።

ሥራው ራሱ ከባድ አልነበረም። የሚገባና የሚወልቅ አንድ ጥርስ ነው፤ ሐኪም እንኳ ሳይኖር አክስቷ ራሷ ታጠልቀዋለች። ችግሩ ከካርቶኑ ጋር የመጣው ወረቀት ላይ ነበር። የአክስቷ ከተማ የጥርስ ሐኪም ሁሉን ሞልቶ “ቀለም” የሚለውን ባዶ ትቶታል። ስትደውል ሥልጠና ሄዷል፣ ስልኩም ዝግ ነው፤ የቀለም ናሙናዎቹን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፎባቸዋል። እሷ መሳቢያ ውስጥ ደግሞ አሥራ ስድስት ዓይነት ነጭ ጥርስ ተደርድሯል። ለሌላ ሰው አሥራ ስድስቱም ያው ነጭ ናቸው። አፍ ውስጥ ሲገቡ ግን አንዱ ብቻ ዘመድ፣ አሥራ አምስቱ እንግዳ ናቸው።

የአክስቷ ልጅ፣ ፀጉር ሠሪዋ፣ አዲስ ስልክ ገዝታ ነበርና የእናቷን ጥርስ አንስታ እንድትልክ ጠየቀቻት። ፎቶው ወዲያው መጣ፤ ጥርት ያለ፣ የሚያበራ። ጥድፊያም ከመሳቢያው በንጣት ሁለተኛውን ጥርስ መዘዘች፣ ጄሶው ላይ በሰም ተከለችው፣ ጥርሱን የሚይዘውን ፕላስቲክ ልታበስልም ውኃ ጣደች።

ውኃው ሳይሞቅ ሁለተኛ ፎቶ መጣ፤ ከወንድምየው፣ ከአውቶቡስ ሾፌሩ። የእሱ ስልክ በስተጀርባው ሦስት ዓይን አለው፤ ይህን ያልነገረው ተሳፋሪ የለም። ያው አፍ፣ ያው ጥርስ ነው፤ ግን ውኃ የበዛበት ወተት መስሎ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ከሥሩ በድምፅ እንዲህ የሚል ተከትሎታል፦ “የእህቴን ስልክ እንዳታምኚው። እሱ ፎቶ አያነሳም፣ ይኩላል።”

እህትየዋም የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ መልሱን ለመስጠት አልዘገየችም፤ የወንድሟ ስልክ ሦስት ዓይን ቢኖረውም ሦስቱም ዳልቻ ነው የሚያዩት አለች። ሳይጠየቅ የአክስቷ ባል ገባበት። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ ስልኩ ከጡረታው በፊት የተገዛ ስለሆነ ቤተሰቡ “ጡቡ” ይለዋል። የእሱ ፎቶ ደብዘዝ ያለ፣ አውራ ጣቱ ጥጉ ላይ የገባችበት፣ ጥርሱም ፀሐይ የመታው ጋዜጣ የመሰለ ነበር። ልጆቹ ሳቁበት።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ውስጥ የሆነውን ጥድፊያ የሰማችው በወሬ ነው። ብርሃኑ እኩል ይሁን ተብሎ አክስቷ መስኮት አጠገብ ተቀመጠች፤ ከዚያ ከመብራት ሥር፤ ከዚያ ደጃፍ። ልጆቹ ስልኮቻቸውን ለማፎካከር ቲማቲም፣ የግድግዳ ካላንደር፣ የጎረቤት ድመት ሳይቀር አነሱ። የሜጋፒክሰሉ ቁጥር ሲጠራ አባትየው “የኔ ስንት ነው?” ቢል ማንም ሊነግረው አልፈለገም። በመጨረሻ አክስቷ አፏን ዘጋች። “አፌን ገበያ አደረጋችሁት” ብላ ተነሥታ ሄደች።

ጥድፊያ የጣደችውን አወረደች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ተረት አክስቷ ለእሷ ብቻ የተተረተ እስኪመስል ድረስ ነግራታለች፤ አሁን ማንም ሳይነግራት ሰሙን አቅልጣ ጥርሱን ነቀለች። ሦስት ስልክ ሦስት አክስት ልኮላታል። የትኛዋ እንደሆነች የምታውቅበት መንገድ የለም።

ዓርብ ጠዋት ሌላ ሥራ እየሠራች ነገሩን ስታብሰለስል ቆየች። የሚያስፈልጋት እዚያም እዚህም ያለ፣ ቀለሙ አንድ የሆነ ነገር ነው። እዚያ ከጥርሱ ጎን ሆኖ ይነሳል፣ እዚህ እሷ እጅ ላይ ይኖራል፤ ስልኩ ምን ያህል እንደዋሸ ያን ጊዜ ይታወቃል። ወረቀት አሰበች፤ ወረቀት ከወረቀት ይለያያል። ጨው አሰበች፤ ጨውም እንደዚያው። ተናደደችና እጇን ጋውኗ ላይ ጠረገች፣ የጋውኑን ቁልፎችም አየቻቸው።

ይህን ጋውን ስትመረቅ የሰፋችላት አክስቷ ናት። በዚያው ሰሞን ለራሷም የማስተማሪያ ጋውን ሰፍታ፣ ለሁለቱም ከአንድ ካርድ ላይ በነበሩ ቁልፎች ተጠቅማለች። ቁልፎቹ ወደ ቢጫ ያደላሉ። ጥድፊያ በረዶ የመሰለ ነጭ ነበር የፈለገችው፤ ያን ቀን አንድ ሁለት ቃል አጉረምርማለች፣ አመሰግናለሁ ማለቷን ግን አታስታውስም። አሁን ደረቷ ላይ ያሉት ጄሶና ቀለም ጠጥተዋል፤ የአክስቷም በጠመኔና በፀሐይ ሌላ መልክ ይዘው ይሆናል። ነገር ግን አክስቷ ልብስ ስትሰፋ ከታች እጥፋቱ ውስጥ አንድ ትርፍ ቁልፍ ሳትደብቅ አታልፍም። ለክፉ ቀን ይሆናል ትላለች።

ጥድፊያ የጋውኑን ጫፍ ገልብጣ በጣቷ ዳሰሰች። አለ። በምላጭ ፈታችው፤ ፀሐይም ጄሶም ሳያየው ስድስት ዓመት ተቀምጧል። ስልኳን አነሣች።

“እትዬ፣ ጋውንሽ የት ነው?”

“ተተኩሶ ተሰቅሏል። ምነው?”

“እጥፋቱ ውስጥ የሰፋሽው ትርፍ ቁልፍ አለ አይደል?”

“መኖሩስ አለ። ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል ብለሽ የሳቅሽበት?”

“እሱኑ። ፍቺውና ከጥርስሽ ጎን ያዢው። ሦስቱም መስኮቱ ጋ ያንሱሽ።”

“እንግዲህ ቁልፍም ጥርስ ሊሆን ነው” አለች አክስቷ፣ ግን መቀሷን ፍለጋ ስትነሣ ድምፁ ተሰማ።

ሦስቱ ፎቶዎች ከምሳ በፊት ደረሱ። ጥድፊያ እውነተኛውን ቁልፍ ከስልኳ ጎን ይዛ ተራ በተራ አየቻቸው። በሾፌሩ ፎቶ ላይ ቁልፉም ጥርሱም ሰማያዊ ሆነዋል፤ ሲዋሽ እንኳ ለሁለቱም እኩል ነው የዋሸው። በፀጉር ሠሪዋ ፎቶ ላይ ቁልፉ እንደነበረው ሲሆን ጥርሱ ብቻ በርቷል። ስልኩ ጥርስ መሆኑን አውቆ ሊያሳምር ፈልጓል፤ ቁልፉን ግን ማን መሆኑን አላወቀምና ተወው። ጡቡ ግን ማሳመር የሚባል ነገር አያውቅም። ደብዛዛ ነው፣ የአባትየው አውራ ጣትም ቦታዋን አልለቀቀችም፤ ቁልፉ ግን እጇ ላይ ያለው ቁልፍ ራሱ ነው። አጠገቡ ያለው ጥርስ ከቁልፉ አንድ ደረጃ ይጠቁራል። መሳቢያውን ስባ ከቁልፉ አንድ ደረጃ የሚጠቁረውን ፈለገች። ዘጠነኛው ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ተከለችው፣ አበሰለችው፣ ሞርዳ አለሰለሰችው። ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ የአክስቷ ልጅ አውቶቡሱን መናኸሪያ አቁሞ መጣ። ጥርሱን በጥጥ ጠቅልላ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ሰጠችው፣ ቀፎዋ ኪሱ ውስጥ ስትገባም አየች። የማን ስልክ አሸነፈ ብሎ ጠየቃት።

“ያባትህ።”

ሾፌሩ በሩ ጋ ደርሶ ዞረ። “ጡቡ?” አለና ሄደ።

ሰኞ ረፋዱ ላይ አንድ ፎቶ መጣ። ደብዛዛ ስለሆነና ጥጉ ላይ አውራ ጣት ስላለበት ማን ክፍሉ ድረስ ሄዶ እንዳነሣው መጠየቅ አላስፈለጋትም። አክስቷ ሰሌዳው ፊት ቆማለች። አንድ እጇ በዱላ ፊደሉን ይጠቁማል፤ ሌላው እጇ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ነው። አፏ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሦስተኛው ወንበር ላይ ያለች አንዲት ልጅም አፏን እንደዚያው ከፍታለች። ጥድፊያ ፎቶውን አሰፋችው። ቦታውን ባታውቅ ኖሮ የትኛው የእሷ ሥራ እንደሆነ አትለየውም ነበር።

በዕረፍት ሰዓት አክስቷ ደውላ መመረቅ ጀመረች፤ እጅሽ ይባረክ፣ ርዕሰ መምህሩም አፌን አይቶ ተመለሰ፣ እያለች። ጥድፊያ ምርቃት ላይ መታገሥ አትችልም፤ አቋረጠቻት።

“እትዬ፣ ያን ጊዜ ስለ ጋውኑ አላመሰገንኩሽም።”

“አላመሰገንሽም። ቁልፉ ቢጫ ነው ነበር ያልሽው።”

“ቢጫ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።”

አክስቷ ሳቀች፤ በስልክም ቢሆን እጅ ያልተጫነበት ሳቅ መሆኑ ይለያል። “በይ ደወሉ ተደወለ። ቁልፉን መልሰሽ ስፊው፣ ደግሞ እንዳትጥይው።”

ጥድፊያ መርፌ ከጎረቤት ልብስ ሰፊ ተዋሰች። አክስቷ ክሩን አራት ጊዜ ነበር ያመላለሰችው፤ እሷ ሁለቴ አመላልሳ ሰለቻት። ክሩን ልትበጥስ አፏ ካደረሰች በኋላ መለሰችውና የቀረውን ሁለት ጨመረች።