የተዋጠው ሁለት ፓይ

ኦሜጋ የሚጽፍ ሰው ሊቅ ነው፣ ኤፍ የሚጽፍ ሰው አናጢ ነው። ይህን ሃያ ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ተሟግቼበታለሁ፤ ሰው አስቀይሜበታለሁ። ኤፍ አንድ ንዝረት በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ይቆጥራል፣ መለኪያውም ሄርዝ ነው። ኦሜጋ ያንኑ ቁጥር በሁለት ፓይ አባዝቶ ይይዛል። ንዝረትን የሚተነትነውን የፉሪየርን ቀመር በኤፍ ከጻፉት ሁለት ፓይ በየመስመሩ ይደነቀራል፤ በኦሜጋ ከጻፉት ኦሜጋ ይውጠውና ገጹ ይጠራል።

ቱ ያ-ሊን ተማሪዬ ሳለች ኤፍን አልተውም አለች።

«መምህር፣ መሣሪያው ላይ የተጻፈው ሄርዝ ነው።»

«ሁለት ፓይ እንደ ሽንኩርት ቅጠል በየሳህኑ መበተን ካማረሽ ኑድል ቤት ክፈቺ!» አልኳት፣ በቤተ ሙከራዬ በአሥራ ሁለት ሰው ፊት። ሁሉም ሳቁ፤ እሷም ሳቀች። ዶክትሬቷን ስትይዝ ከእኔ በታች፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የራሷን ቤተ ሙከራ አቋቋመች።

ሁለታችንም የምናጠናው በልብ ህዋስ ሽፋን ላይ ያሉትን ጥቃቅን በሮች ነው። በሩ ሲከፈት እጅግ ትንሽ ኤሌክትሪክ ያልፋል፣ ሲዘጋ ይቋረጣል፤ ከመሣሪያው የሚመጣውን የኤሌክትሪክ ጫጫታ፣ ፈጣኑን ንዝረት የሚያስቀር የማጣሪያ ሰርኪዩት ይቀንስልናል። ያ-ሊን፣ በሩ ተከፍቶ ሳለ ለሃምሳ ማይክሮሰከንድ ያህል ተዘግቶ እንደገና እንደሚከፈት አየሁ ብላ ጻፈች። እኔ በራሴ መሣሪያ ፈልጌ አጣሁ። ብዕሬን አነሳሁ፦ «ዶክተር ቱ ያዩት በር ሳይሆን የገዛ መሣሪያቸውን ጫጫታ ነው። የእኛ ማጣሪያ እስከ አሥር ሺህ ሄርዝ ያሳልፋል፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን የለም።»

የሥራ ውሏ የሚታደስበት ኮሚቴ ሐሙስ በስምንት ሰዓት ሊቀመጥ ነበር። በፋይሏ መጀመሪያ ላይ የተያያዘው የእኔ ጽሑፍ ነው። ካልታደሰላት ታይናን ከተማን ለቅቃ፣ ቤተ ሙከራዋን ዘግታ ትሄዳለች።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ለኮሚቴው የማሳየው ሥዕል ፈለግሁ። ስለታም የኤሌክትሪክ ምት ወደ ማጣሪያዬ ልኬ ስለታም ሆኖ ሲወጣ ላሳያቸው! ምቱን ላክሁ። በማያው ላይ የወጣው ግን እንደ ኮረብታ ክብ ብሎ የሚወጣ መስመር ነው። በአሥራ ስድስት ማይክሮሰከንድ መድረስ የነበረበት ቦታ ለመድረስ መቶ ፈጀበት።

ማጣሪያውን የሠራው ጋሽ ሊያኦ ጥግ ላይ ተቀምጦ ሩዝ በዓሣ ይበላል። ጮኽሁበት።

«ጋሽ ሊያኦ! ምንድን ነው የሠራህልኝ? ማጣሪያ ነው ወይስ የዓሣ ጆሮ?»

«የትኛውን?»

«ይሄን! ስድስት ዓመት ያታለለኝን!»

አልተቆጣም። የምሳ ዕቃውን ከደነ፣ እጁን ጠረገ፣ ከመሳቢያው ማኅደር አወጣና አንድ ወረቀት ዘረጋልኝ። የእጅ ጽሑፌ ነው። ኦሜጋ ዜሮ፣ ማለትም የማጣሪያው ወሰን፣ አሥር ሺህ።

«አሥር ሺህ ሄርዝ ቢፈልጉ ኖሮ ስልሳ ሁለት ሺህ ስምንት መቶ ይጽፉ ነበር» አለ።

«አልጠየቅኸኝም!»

«ጠይቄአለሁ፣ ፕሮፌሰር። ሄርዝ ነው ወይ አልኩዎት። ‹ኦሜጋ ተብሎ ተጽፏል፣ ማንበብ ካልቻልህ ለሚችል ስጥ› አሉኝ። ማንበብ ስለምችል እንደተጻፈው ሠራሁ።»

አሥር ሺህ ለሁለት ፓይ ሲካፈል፣ ማጣሪያዬ የሚያሳልፈው እስከ አንድ ሺህ ስድስት መቶ ሄርዝ ገደማ ብቻ ነበር። የያ-ሊን አጫጭር መዘጋቶች እውነት ቢሆኑም እኔ ጋ ሲደርሱ ይሟሟሉ። ጫጫታ ብዬ የሰደብሁት፣ እኔው አጥቤ ያስወጣሁትን ነው።

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሽዌ የድሮ ጓደኛዬ ነው። ደውዬ ሁሉን ነገርሁት።

«ታዲያ ተቃውሞዬን ትቻለሁ በልና ተቀመጥ» አለኝ። «የማጣሪያውን ጉዳይ ምን አስወራህ? ልጅቷ ሥራዋን ታግኝ፣ አንተም ስምህን ያዝ።»

እሺ አልኩት። በሌሎች ላይ ስንት ገጽ የጻፍሁ ሰው፣ በራሴ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ከበደኝ።

በስምንት ሰዓት ተሰበሰብን። ያ-ሊን በጠረጴዛው ጫፍ ተቀምጣለች። ተነሥቼ ተቃውሞዬን ትቻለሁ አልኩ።

«አያችሁ» አለ አንዱ የኮሚቴ አባል፣ «ነብርም ለግልገሉ ይራራል!» ሳቁ። ይህ ሳቅ ያኔ በቤተ ሙከራዬ የተሳቀው ዓይነት ነው፤ ዛሬ ግን ያ-ሊን አልሳቀችም።

«መምህር» አለች፣ «ራሩልኝ አላልኩም። ጫጫታ ነው ወይስ አይደለም?»

ሽዌ ዓይን ዓይኔን ያየኛል። ወንበሬን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

«አይደለም» አልኩ። «በሮቹ እንዳየሻቸው ይዘጋሉ። ያጠፋቸው የእኔ ማጣሪያ ነው። ኦሜጋ ጽፌ ሄርዝ አሰብሁ።»

«እንዴት?» አለ አንዱ።

ወደ ሰሌዳው ሄጄ ጻፍሁት። በእጄ፣ በሕዝብ ፊት፣ ኤፍን ጻፍሁ፤ አጠገቡም ሁለት ፓይ። የሳቀ የለም።

ያ-ሊን ማስታወሻዋን ከፈተች። «በዚያ ማጣሪያ ስንት ጽሑፍ አወጡ?»

«ሰባት።»

«በሰባቱ ላይ የተማሪዎች ስም አለ?»

«አለ።»

«ያውቃሉ?»

«አንዳቸውም።»

ውሏ በሙሉ ድምፅ ታደሰ። ሽዌ ስብሰባው አበቃ ሲል ሁሉም ወጡ። እኔ ብቻዬን ቀርቼ ከሰሌዳው ሥር የተማሪዎቹን ስም መጻፍ ጀመርሁ። ዘጠኝ ስም ከጻፍሁ በኋላ አሥረኛውን ልጅ ማስታወስ አቃተኝ፤ ስሙን ያ-ሊንን ለመጠየቅ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወረድሁ።