የአርባ አንሶላ እገዳ

ፀጉር አስተካካዩ ሚስቱን የወደዳት እጇን አይቶ ነው። የታመመ ወንድሙን ሊጠይቅ ሆስፒታል ሄዶ፣ እሷ አንሶላ ስታጥፍ አየና እዚያው ቆሞ ቀረ። ወንድሙ ድኖ ወጣ፤ እሱ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልዳነም። ይህን ቀልድ ለደንበኞቹ ሁሉ ነግሯቸዋል። ብዙዎቹ ሦስት አራት ጊዜ ሰምተውታል፤ ምላጭ አንገታቸው ላይ እያለ አንስቅም ማለት ስለማይመች ግን ይስቃሉ።

ሚስቱ በዚያ ሆስፒታል የአንሶላ ክፍል ኃላፊ ሆና ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ታጥቦ የመጣውን ትቆጥራለች፣ የተቀደደውን ትሰፋለች፣ ለየክፍሉ ታድላለች። ነርሶቹ «የአንሶላ እናት» ይሏታል። እንግዲህ ይህችን ሴት ነው አንድ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ደብዳቤ አስይዘው ወደ ቤቷ የሸኟት። አዲስ የተመደበው የንብረት ክፍል ኃላፊ ቆጠራ ቢያደርግ፣ በሷ መዝገብ በየወሩ መቶ ሃያ የሚባለው አንሶላ ሰማንያ ሆኖ ተገኘ። ደብዳቤው «ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ያለ ደመወዝ ከሥራ ታግደዋል» ይላል። ምን እንደጎደለ፣ እስከ መቼ እንደሚጣራ ትንፍሽ አይልም። አርባ አንሶላ መጉደሉን እንኳ የነገራት የበሩ ጥበቃ ነው፤ እሱም አፍሮ ጫማውን እያየ።

ከደብዳቤው ጋር ሌላ ወረቀት ነበረ። «በራሴ ፈቃድ ሥራዬን ለቅቄያለሁ» ይላል፤ የጎደለው ፊርማዋ ብቻ ነው። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ብትፈርሚ ነገሩ በዝምታ ያልፋል፣ ስምሽም አይነሳም ብላታለች። የአንሶላ እናት ሦስት ቀን አሰበችበትና ልትፈርም ቆረጠች። ማንም ይውሰደው ማን የጎደለው ከኔ እጅ ነው፣ ከእንግዲህ በዚያ በር በምን ፊቴ እገባለሁ አለች።

ፀጉር አስተካካዩ እንዳትፈርም ለመናት። ፈረመች ማለት ሥራዋም ስሟም አብረው ሄዱ ማለት ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት የታጠፈ አንሶላ ሁሉ ተረስቶ፣ አርባ ሰርቃ የወጣችው ሴት ተብላ ልትቀር ነው። ይህን ሁሉ ነገራት። እሷ ግን ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም አለችው። እሱም ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ብሎ መለሰላት፣ በዚያ ተኳርፈው አደሩ።

በማግስቱ ልትፈርም ወረቀቷን ብትፈልግ አጣቻት። መሳቢያውን ገለበጠች፣ ፍራሹን አነሳች። እሱም ጎንበስ ብሎ አልጋ ሥር አብሯት ፈለገ። ኋላ ሥራ ረፍዶብኛል ብሎ ወጣ።

ያ ቀን ቅዳሜ ነበር፤ የሆስፒታሉ የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ ጢሙን ሊላጭ የሚመጣበት። ጸሐፊው ደግ ሰው ነው፤ አንድ አመል ብቻ አለበት፣ ምንም ቢነግሩት «እናየዋለን» ይላል። ፀጉር አስተካካዩ ግራ ጉንጩን ላጨና፣ አረፋውን በወረቀት ጠርጎ፣ ምላጩን አስቀምጦ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጸሐፊው በመስታወት አየው፤ ቀኙ ገና በአረፋ እንደተሸፈነ ነው።

«የኅብረት ስምምነቱ ቦርሳህ ውስጥ አለ። ስለ እገዳ የሚለውን አንብብልኝ» አለው ፀጉር አስተካካዩ።

ጸሐፊው እናየዋለን ሊል አፉን ከፈተ፤ ግን በግማሽ ጢም መንገድ ላይ መውጣቱን አሰበና ቦርሳውን ሳበ። አነበበ። እገዳ ቅጣት አይደለም፤ ምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጣል፤ ከአሥራ አምስት ቀን አይበልጥም፤ ሠራተኛው የቀረበበትን ማስረጃ አይቶ፣ የሚያምነውን ሰው ይዞ መልስ ይሰጣል፤ ጥፋት ካልተገኘበት ተይዞ የቆየው ደመወዝ ይከፈለዋል። ይህን አንቀጽ ከአምስት ዓመት በፊት ተከራክሮ ያስገባው ራሱ ጸሐፊው ነበር። አንብቦ ሲጨርስ መጽሐፉን ዘጋ። ማንም አልጠየቀኝም እኮ አለ፣ እንደማፈር ብሎ። ፀጉር አስተካካዩ ይኸው ጠየቅኩህ አለውና ቀኝ ጉንጩንም ላጨለት፤ ሽቶም ጨመረለት።

ሐሙስ ሆስፒታሉ ቀርባ መልሷን እንድትሰጥ ጸሐፊው ቀጠሮ አስያዘ። እሷ ግን መብቱስ ይሁን፣ ቀርቤ ምን እላለሁ፣ የት እንደገባ አላውቀው አለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ብላ ለራሷ ተጽናናች። ባሏ እስኪጠራ ድረስ አንቺ በክሳት አለቅሽ እኮ ብሎ አጉረመረመ፤ ስትከሳ ማየት ለሱ ከረሃብ ይብስበታል።

እሑድ ከሰዓት እጇ ሥራ ቢያጣ ጊዜ፣ የአልጋቸውን ሁለት አሮጌ አንሶላዎች አወጣች። መሃላቸው ሳስቶ ብርሃን ያሳልፋል። የሳሳውን ቆርጣ ጣለች፤ የሁለቱንም ደህና ደህናውን ገጥማ በስፌት መኪናዋ አንድ ጠንካራ አንሶላ ማውጣት ያዘች። እሱ በር ላይ ቆሞ ያያታል፤ ሊያስቃት ፈለገ።

«ጠዋት ሁለት አንሶላ ነበረን፤ አንቺ ቤት ብትውዪ አንድ ቀረን። እኔም ላግድሽ መሰለኝ» አለ።

«ሁለት ናቸው እንጂ» አለች ቀና ሳትል። «ይኸው፣ ሁለቱም እዚህ…»

የስፌት መኪናው ቆመ። ቀና ብላ አየችው፤ ከዚያ ሳቀች፤ ሳቁ እዚያው ወደ ልቅሶ ዞረባት። ባሏ የሚሆነው ጠፍቶት ውኃ ሊያመጣ ሮጠ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራውን ያስተማሯት አሮጊቷ የነርሶች አለቃ አንድ ደንብ ነበራቸው። ሁለት ያረጀ አንሶላ ገጥመሽ አንድ አድርጊ፤ ጥግ ላይ ያለው የሆስፒታሉ ማኅተም ግን አይቆረጥ፤ ስትቆጥሪም በማኅተም ቁጠሪ። ስለዚህ ሁለት ማኅተም ያለው አንድ አንሶላ በሷ መዝገብ ሁለት ነው። አሮጊቷ ጡረታ ከወጡ አሥር ዓመት አለፋቸው፤ ደንቡን የምታውቀው እሷ ብቻ ቀርታለች። እሷ ደግሞ ዓለም ሁሉ በማኅተም የሚቆጥር መስሏት ኖራለች። አርባው አንሶላ የትም አልሄደም፤ ከሌላው አርባ ጋር ተሰፍቶ በሽተኛ ተኝቶበታል።

ሐሙስ ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ ከጥበቃው ጋር በሩ ላይ ቆመ። ጥበቃው ወንበር ቢሰጠው አልቀመጥ አለ። ውስጥ የሆነውን ኋላ ጸሐፊው በየመንገዱ ሲያወራው ሰማ። እሷ አንሶላዎቹ ይምጡልኝ አለች፤ ማስረጃውን ማየት መብቴ ነው አለች። አንዱን አንስታ መስኮቱ ላይ ዘረጋችው፦ በዚህ ጥግ ማኅተም፣ በዚያ ጥግ ማኅተም። የንብረት ክፍል ኃላፊው ሰማንያውንም አንድ በአንድ ገልጦ ቆጠረ፤ ማኅተሙ መቶ ሃያ መጣ። አላመነም፤ ደግሞ ቆጠረ፤ መቶ ሃያ። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ተነስቶ፣ እትዬ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መጀመሪያ እርስዎን መጠየቅ ነበረብኝ አለ።

ወደ ሥራዋ እንድትመለስ፣ የታገደችበት ቀን ደመወዝም እንዲከፈላት የሚል ደብዳቤ ይዛ ወጣች። ባሏ ደብዳቤውን አላየም፤ ፊቷን ነው ያየው። ትንሽ እንደተጓዙ ቆም አለች።

«ያቺ የመልቀቂያ ወረቀት የት ገባች?»

ከዚህ በላይ መዋሸት አልቻለም። «የጸሐፊውን ጢም ጠርጌባታለሁ። ግራ ጉንጩን።»

«አብረኸኝ አልጋ ሥር ስትፈልግ አልነበር?»

«ነበር።»

«መፈረም አለመፈረሙ የኔ አልነበረም?»

«ያንቺ ነበር፤ አጥፍቻለሁ» አለ። «ግን ያፈርሽ ቀን እንድትወስኚ አልፈለግኩም።»

«ሌላ ወረቀት ቢሰጡኝስ ኖሮ?»

«እኔም ሌላ ጢም አላጣም ነበር።»

እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች። ከዚያ ኮስተር ብላ፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ታግደሃል አለችው። ከምን እንደታገደ ቢጠይቃት፣ ምክንያቱ በጽሑፍ ይደርስሃል አለችና እጇን ዘረጋችለት። ቤት እስኪደርሱ አልለቀቀውም።